«ቦሮው» እና «ሌንድ» ለሚምታቱብሽ

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የላክሽውን ጥያቄ አየሁት። «ቦሮው እና ሌንድ፣ ሴይ እና ቴል ሁሌ ይምታቱብኛል፤ ትርጉማቸውን በቃሌ ብይዝም እንግሊዝኛ ስናገር ይጠፋብኛል» ብለሻል። የእኔም የዓመታት ጣጣ ስለነበር ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ጉዴን ልንገርሽ። ባሕር ዳር አስጎብኚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ክረምት ላይ አንድ እንግዳ ይዤ ጢስ ዓባይ ሄድኩ። ፏፏቴው ጋ ሳንደርስ ዝናቡ ወረደብን። እኔ ጃንጥላ ይዣለሁ፤ ሰውዬው ምንም የለው። ካሜራውን ጃኬቱ ውስጥ ወሽቆ «ሜይ አይ ቦሮው ዩር አምብሬላ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ቦሮውን «ማበደር» ብዬ ነው የያዝኩት። ጃንጥላ ሊሰጠኝ መስሎኝ በትሕትና «ኖ ታንክ ዩ፣ አይ ሀቭ» አልኩና የራሴን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ሰውዬው ዝም አለ። እኔ ደርቄ፣ እሱ በስብሶ ፏፏቴው ጋ ደረስን።

የገባኝ ማታ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነው፤ ለካ «ጃንጥላህን ልዋስ?» ነበር ያለኝ። ትምህርት ቤት ሁለቱንም «ብድር» ብለን ነበር የያዝናቸው። ብድር ግን ሰጪም ተቀባይም አለው። አማርኛ ሁለቱን የሚለየው በመጀመሪያዋ ፊደል ነው፤ አበደረ፣ ተበደረ። አዋሰ፣ ተዋሰ። እንግሊዝኛ ግን ጨርሶ የማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት አሉት። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ አስቢው። በ«አ» ከጀመረ ሌንድ፣ በ«ተ» ከጀመረ ቦሮው።

በሌላ በኩል እኛ የምንለየውን እነሱ አይለዩትም። እናቴ ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ከጎረቤት አንድ ቁና ጤፍ ትበደር ነበር። ወንፊት ግን ትዋሳለች እንጂ አትበደርም። ጤፉ ተበልቶ ያልቃል፤ የሚመለሰው ሌላ ጤፍ ነው። ወንፊቱ ግን ራሱ ይመለሳል። ለእንግሊዝኛ ሁለቱም ቦሮው ነው። እናም ስለ ዕቃው ዓይነት አትጨነቂ። «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» እና «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» ሁለቱም እስክሪብቶ መጠየቂያ ናቸው። «ካን ዩ ቦሮው ሚ» ካልሽ ግን ፈተና ላይ ማርክ ይቆረጥብሻል።

(ቤት ላይ ይቺ ዘዴ አትሠራም። አከራየም ሬንት፣ ተከራየም ሬንት ነው። እንግሊዝኛም አንዳንዴ ቃል ይሰስታል።)

ሴይ እና ቴል ላይ የሚያሳስተን «አለኝ» የሚለው ቃላችን ነው። አማርኛ ሰሚውን ከግሡ ጋር ስለሚሰፋው እኛም «ሂ ሴድ ሚ» እንላለን። ሴድ ወደ ሰው ለመድረስ «ቱ» ይፈልጋል፤ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። ቶልድ «ነገረኝ» ስለሆነ ሰሚውን በቀጥታ ያስከትላል፤ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ቴል ዘ ትሩዝ» የሚሉትን እንዳለ ያዢው፣ ሰሚ ባይጠራም ያስኬዳል።

ዊን እና ቢትም እንደዚያው ነው። በኳስ ሌላውን ክፍል አሸነፍነው ለማለት «ዊ ቢት ዜም» ነው። ዊን ለጨዋታው ወይ ለዋንጫው ነው።

ደግሞ ከሰው መሀል ስትነሺ «መጣሁ» ለማለት «አይ አም ካሚንግ» እንዳትዪ። እየሄድሽ «እየመጣሁ ነው» ስትያቸው ግራ ይገባቸዋል። «አይል ቢ ራይት ባክ» በያቸው።

ደብተርሽ ላይ ቃሉንና ፍቺውን ብቻ አትጻፊ፤ ከራስሽ ቤት የሆነ ነገር ጨምሪበት። የእኔ ደብተር ላይ ከቦሮው ጎን የተጻፈው «እማዬ፣ ወንፊት» ነው። ሜክ እና ዱን ደግሞ ሌላ ቀን አንሺያቸው። እነሱ ዘዴም የላቸው፣ የትኛው ከምን ጋር እንደሚሄድ መሸምደድ ነው።