ከባሕር ኃይል የበረራ ሐኪምነት ወደ ጠፈር ሕክምና

ውድ እህቴ፣

ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ልትጀምሪ እንደሆነ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይልም የትምህርት ወጪሽን እንዲሸፍንልሽ ለማመልከት እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። በበረራ ሐኪምነት፣ ማለትም የአብራሪዎችን ጤና በመከታተል፣ አገልግለሽ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ መግባት ትፈልጊያለሽ። እናትሽ ግን ውትድርናውን አልወደዱትም።

መንገዱ በብዙዎች የተሄደበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ስካይላብ ወደተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ የተጓዘው ጆሴፍ ከርዊን የባሕር ኃይል የበረራ ሐኪም ነበር። 371 ቀናት ጠፈር ላይ ቆይቶ በ2023 የተመለሰው ፍራንክ ሩቢዮም የምድር ጦር ሐኪም ነው። ሆኖም ጠፈርተኛ እሆናለሁ ብለሽ ብቻ አትፈርሚ። ለጠፈርተኞች ጤና የሚቆሙት ሐኪሞች አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚሠሩት ምድር ላይ፣ ሂዩስተን ባለው የናሳ ማዕከል ሆነው ነው፤ እኔ የምመክርሽም ለዚያ ሥራ እንድትዘጋጂ ነው።

አራት ዓመት ከተከፈለልሽ አራት ዓመት ታገለግያለሽ፤ የስፔሻሊቲ ሥልጠናሽ ከዚያ አይቀነስልሽም። ከኢንተርንሺፕ (ከምረቃ በኋላ ካለው የመጀመሪያ የሥልጠና ዓመት) በኋላ ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ለበረራ ሐኪምነት ግማሽ ዓመት ገደማ ሠልጥነሽ ወደ ተመደብሽበት ክፍል ትሄጃለሽ፤ ክፍሉ ከዘመተ አንቺም ትዘምቻለሽ። ይህን ለእናትሽ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው።

እነዚያ ዓመታት ግን የመሸጋገሪያ ጊዜ ብቻ አይደሉም። ፓይለት ሐኪሙን ይፈራል፤ አንዲት ፊርማ ከበረራ ታግደዋለች። ስለዚህ ራስ ምታቱንም የወገብ ሕመሙንም ይደብቃል። የበረራ ሐኪም ከስኳድሮኑ (ከበረራ ክፍሉ) ጋር የሚውለውና አብሮ የሚበረው፣ ሰውዬው ሳይባባስበት በራሱ ፈቃድ እንዲመጣ ነው። ጠፈርተኛም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሳለ በየሳምንቱ ከሐኪሙ ጋር በግል ይነጋገራል፤ እምነት ከሌለ ያ ንግግር ባዶ ነው።

በ2020 የታተመ አንድ ዘገባ ሥራውን በደንብ ያሳያል። ምንም ሕመም ያልተሰማው ጠፈርተኛ ለምርምር አልትራሳውንድ ሲነሳ አንገቱ ላይ ባለው ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ጣቢያው ላይ የነበረው የደም መርጋት መከላከያ መርፌ ጥቂት ነበር። ምድር ያሉት ሐኪሞች በጭነት መንኮራኩር እንክብል እስኪላክ ድረስ መጠኑን እየቆጠቡ አከሙት፤ ተልዕኮውም አልተቋረጠም። የዘገባው ዋና ጸሐፊ ሴሬና አውኞን-ቻንስለር ናት። የውስጥ ደዌንና የበረራና ጠፈር ሕክምናን ጋልቨስተን፣ ቴክሳስ ተምራ ናሳ በሐኪምነት ገባች፤ በ2018 ራሷም ወደ ጣቢያው ተጓዘች። ወታደር አልነበረችም።

ስለዚህ የሲቪሉም በር ክፍት ነው። በየትኛውም ብትሄጂ አንድ ጠንካራ የሕክምና ዘርፍ ያዢ፤ ድንገተኛ ሕክምና ወይም የውስጥ ደዌ ቢሆን እመርጣለሁ። ፓይለቶችን ማከም ለራሱ ካስደሰተሽ ባሕር ኃይሉን ምረጪ። የሚስብሽ የትምህርት ክፍያው ብቻ ከሆነ ግን ተዪው።

ዜግነት ማግኘትሽን አልነገርሽኝም። ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ያለሽ ለዚህ ስኮላርሺፕ አትበቂም፤ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ከመልማዩ ሌላ፣ አሁን በሥራ ላይ ያለች የበረራ ሐኪም ፈልገሽ አነጋግሪ። የመጨረሻ ምድቧን ማን እንደወሰነላትና ስፔሻሊቲዋን ስንት ዓመት እንደጠበቀች ጠይቂያት፤ መልሷን ይዘሽ ጻፊልኝ።