ለያዛችኋት ንግሥት ጉንዳን ስም ከማውጣታችሁ በፊት

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ክረምቱ ሲገባና ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ፣ ክንፋቸውን አራግፈው መሬት ለመሬት የሚሮጡ ትልልቅ ጉንዳኖችን እየያዛችሁ ፎቶግራፋቸውን ትልኩልኛላችሁ፤ ዝርያቸውንም ትጠይቁኛላችሁ። ዕድሜዬን በነፍሳት ጥናት ላሳለፍሁት ለእኔ ይህ ጥያቄ ትልቅ ደስታ ነው። ሆኖም ስሙን ከምነግራችሁ ይልቅ ራሳችሁ የምትደርሱበትን መንገድ ባሳያችሁ እመርጣለሁ።

በመጀመሪያ የያዛችኋት በእርግጥ ጉንዳን መሆኗን አረጋግጡ። አሸን በሚፈላበት ሰሞን ክንፍ ያወጣ ምስጥና ክንፍ ያወጣ ጉንዳን በአንድ አምፖል ሥር ሊገኙ ይችላሉ። የምስጥ ወገብ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው፤ የጉንዳን ወገብ ግን ቀጭን፣ አንቴናዋ እንደ ክርን የታጠፈ፣ የፊት ክንፎቿም ከኋለኞቹ የሚረዝሙ ናቸው። ንግሥቲቱ ክንፎቿን ከጣለች፣ የበረራ ጡንቻ የተሸከመው ደረቷ ከሠራተኞቹ ደረት ይልቅ ጎላ ብሎ ይታያል፤ በጎኑም ክንፉ የተነቀለበት ጠባሳ ይቀራል። ገብረ ጉንዳን ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ የእርሱ ንግሥት ከቶ ክንፍ አታወጣም፤ ሌሊት ወደ መብራት የሚመጣው ተርብ መሳዩ ትልቅ በራሪ ወንዱ ነው።

ቀጥሎ በማጉያ መነጽር ወገቧን ተመልከቱ። በደረትና በሆድ መካከል ያለው አንጓ አንድ ከሆነ ካምፖኖተስ ወይም ሌፒሲዮታ ከተባሉት ጂነሶች (የሚቀራረቡ ዝርያዎች ከሚመደቡባቸው ወገኖች) የአንዱ ልትሆን ትችላለች፤ እነዚህን ሁለቱን የአንቴና አንጓ በመቁጠር መለየት ይቻላል፣ የካምፖኖተስ 12፣ የሌፒሲዮታ 11 ነውና። አንጓው ሁለት ከሆነ እንደ ሜሶር፣ ፌይዶሌና ክሬማቶጋስተር ያሉት ጂነሶች ይታሰባሉ፤ በክሬማቶጋስተር ሁለተኛው አንጓ ከሆዱ ፊት ሳይሆን ከላይኛው ገጹ ጋር ይያያዛል።

ቀለምን አትመኑ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንዲት ቀይ ቡናማ ንግሥት በቀለሟ ብቻ ካምፖኖተስ ማኩላተስ ናት ብዬ ጻፍሁ። ይህን ስም የነፍሳት ተመራማሪው ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1782 ያወጣው ሲሆን፣ በአፍሪካ እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ በርካታ ዝርያዎች ሲጠሩበት ኖረዋል። ስሙን የጻፍሁበት ካርድ በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ተቀመጠ፤ ሌሎችም አምነው ጠቀሱት። ስህተቱን ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ ግን ዘግይቼ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የዝርያ መለያ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለሠራተኛ ጉንዳኖች ስለሆነ፣ የንግሥቲቱ መልክ ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ካምፖኖተስ ከሆነች ውኃና ጥጥ ባለበት ቱቦ ውስጥ በጨለማ አስቀምጧት፤ ምግብ ሳትፈልግ የበረራ ጡንቻዋን እያሟሟች የመጀመሪያ ልጆቿን ታሳድጋለች። በየቀኑ ቱቦውን እያነሳችሁ አታስጨንቋት። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ሲወጡ፣ ከመካከላቸው የሞተች ብትገኝ በአልኮል አስቀምጡ። ፎቶግራፍ ስታነሡም ፊቷን ከፊት ለፊት፣ መላ አካሏን ከጎንና ከላይ፣ ከማስመሪያ ጋር አንሡ። አንትዌብ የተባለው የጉንዳን ምስሎች ክምችትም ከእነዚህ ሦስት አቅጣጫዎች የተነሡ ምስሎችን ስለሚይዝ ማነጻጸር ይቀላችኋል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምጠይቃችሁ ስም ከባድ ነገር ስለሆነ ነው። በጣና ሐይቅ አካባቢ የተጠናችው ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የአገሩ ጉንዳን ሆና ሳለ እስከ 38 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ አንድ ታላቅ መንጋ መሥርታ ተገኝታለች። ወራሪ ጉንዳን የሚያሳየውን ጠባይ ያሳየችው ነባሪቱ እንደሆነች የታወቀው ስሟ በትክክል ስለተለየ ነው። በሌላ በኩል በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ሜሶር ሴፋሎተስ የተባለውን ዝርያ ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉንዳኖች ከአገር ሊወጡ ሲሉ ተይዘው፣ አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሰሩ ተፈርዶባቸዋል። ስለዚህ የያዛችኋትን አትሽጡ፣ ድንበርም አታሻግሩ።

አልኮል በማያጠፋው እርሳስ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የአየሩን ሁኔታ በወረቀት ጽፋችሁ ከቱቦው ጋር አኑሩ። ስሟን በሚመለከት ከጂነሱ ያለፈ ማስረጃ ካልያዛችሁ «ካምፖኖተስ፣ ዝርያዋ ገና ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ወረቀት ያለባት ቱቦ ከእናንተ ሲደርሰኝ፣ ሥራዬን የምጀምረው ከዚያው ነው።