ቲማቲሜ 0.8 ቮልት አመነጨች ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የሐዋሳ አንባቢዎ ነኝ። ተክልም ነርቭ ባይኖረውም የኤሌክትሪክ ሲግናል አለው ሲባል ሰምቼ ግቢያችን ያለችው ቲማቲም ግንድ ላይ ባንድ በኩል የመዳብ ሽቦ በሌላ በኩል የቆርቆሮ ምስማር ሰክቼ በመልቲሜትር ስለካት 0.8 ቮልት አሳየኝ። ቅጠሏን ስቆነጥጣት ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። አይሰማትም ማለት ነው? ታናሽ እህቴማ ስልክ ቻርጅ እናድርግባት እያለች ነው።

መልስ፦ የስልኩን ነገር ተዉት። 0.8 ቮልቱ የቲማቲሟ አይደለም፣ መዳብና ምስማሩ ላይ የተቀባው ዚንክ እርጥብ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፣ ሎሚ ላይ ብትሰካቸውም ያው ነው። የተክል ሲግናል በአስሮች ሚሊ ቮልት የሚቆጠር ስለሆነ ያንተ ባትሪ ውጦት ነው የቀረው።

ስለዚህ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ከአንጥረኛ ቀጭን የብር ሽቦ ግዛ (የአያትህን ማርትሬዛ እንዳትነካ፣ እሱም ቢሆን ንጹህ ብር አይደለም 83 በመቶ ገደማ ነው)፣ በረኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ንከረው፣ ከጠቆረ ብር ክሎራይድ ለብሷል ማለት ነው፣ አጥበህ አንዱን በጨው ውሃ ካራስከው ጥጥ ጋር ግንዷ ላይ ጠምጥመው ሌላውን እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበረው። ሽቦው ከጠፋ ለልብ ምርመራ ደረት ላይ የሚለጠፉት ነገሮችም ብዙዎቹ ከዚሁ ነው የሚሠሩት።

አርዱይኖ (ቮልቴጅ አንብቦ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ትንሽ ሰሌዳ) ካለህ ሽቦውን በቀጥታ አትሰካው፣ የሚያነበው 5 ቮልት ለ1024 ደረጃ ሲካፈል አንዱ እርምጃ 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፣ 30 ሚሊ ቮልት ሲግናል 6 ደረጃ ብቻ ሆኖ ይታይሃል። መሀል ላይ ኤዲ623 የሚባል አምፕሊፋየር (ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) አስገባና በ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር 20 እጥፍ ገደማ አሳድገው፣ አርዱይኖ ከዜሮ በታች ስለማያነብ አፈር ውስጥ ያለውን ሽቦና የአምፕሊፋየሩን ሪፈረንስ (መነሻ ነጥብ) እግር 2.5 ቮልት ላይ አስራቸው። መውጫው ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር እንደ ማጣሪያ ጨምርበት፣ የመብራቱን 50 ሄርዝ ጩኸት 30 ጊዜ ያህል ይቀንስልሃል። ይኸው ጩኸት እንዳይገባ ንባቡን የምታይበትን ላፕቶፕም ከቻርጀር ንቀለው።

ከዛ ቁንጥጫ ሳይሆን ክብሪት፣ አንድ ቅጠል ጫፍዋን ለኮስ አድርግና እጅህን አርቀህ ጠብቅ፣ የሲግናሉ ማዕበል ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። ወዲያው የሚታይ ነገር ከፈለግክ ስትነካው ቅጠሉን የሚያጥፈው ሚሞሳ ይሻልሃል፣ የሱ በሰከንድ 2 እና 3 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ በርደን ሳንደርሰን የሚባል እንግሊዛዊ ዳርዊን በሰጠው ዝንብ በሚበላ ተክል ላይ የለካው በ1873 ነው።

አንድ ነገር አደራ፣ በተክሏ ፋንታ እርጥብ ክር አስረህም ለካ። እኔ በሶብላ ላይ የሞከርኩ ጊዜ መስመሩ በየሩብ ሰዓቱ ዘለል ሲል በሶብላዬ ተናገረች ብዬ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቼ ነበር፣ ማታ ክሩን ሳስር ክሩም ዘለለ፣ ለካስ ፍሪጁ ነው።