ልጄን መድኃኒት ላስጀምረው ወይስ ልጠብቅ? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር ወላጆች ጋር

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አብሬያችሁ ነኝ። አዲስ ለገባችሁ፣ በልጆች የአእምሮ ጤና ላይ ለብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የዛሬው ጉዳያችን ኤዲኤችዲ ነው፤ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ። ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ የልጁን ዕድሜ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ሐኪም ሳታማክሩ መድኃኒት አትጀምሩ፣ ሳታማክሩም አታቁሙ።

የሽምብጥ እናት፦ ሲስተር፣ ልጄ 4 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። አንድ ደቂቃ አይቀመጥም። ከመዋዕለ ሕፃናት ሁለት ጊዜ ተጠራሁ። አንድ ክሊኒክ በሩብ ሰዓት አይተውት ኤዲኤችዲ ነው ብለው መድኃኒት ጻፉለት። ገና አልገዛሁም። ልስጠው?

ሲስተር፦ እህቴ፣ እንኳን ሳትገዢ ጠየቅሽ። በሩብ ሰዓት ይህ አይታወቅም። ምልክቱ ቢያንስ 6 ወር የቆየ መሆን አለበት። ቤትም ትምህርት ቤትም መታየት አለበት። ኑሮውንም የሚያውክ መሆን አለበት። ደግሞ 4 ዓመት ላይ ማን ቁጭ ይላል? ማወዳደር ያለብሽ ከእኩዮቹ ጋር ነው። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ነገር አሳይተዋል፦ ከክፍሉ በዕድሜ ትንሹ ልጅ ይህ ስም ይበልጥ ይለጠፍበታል። ልጅነቱ እንደ በሽታ ይቆጠርበታል ማለት ነው።

ኤዲኤችዲ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ በዚህ ዕድሜ የሚቀድመው የወላጅ ሥልጠና ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ6 ዓመት በታች ላሉት ይህንኑ ያስቀድማል። መድኃኒት የሚታሰበው ሥልጠናው በቂ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀርና ችግሩ ከባድ ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ሜቲልፌኒዴት ለሚባለው መድኃኒት ወደ ስፔሻሊስት ላኩ የሚለው ልጁ 6 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ምክንያት አለው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ተኩል የሆኑ ልጆችን ተከታትሎ ነበር። መድኃኒቱ ረድቷቸዋል፤ ግን ከፍ ያሉትን ልጆች ያህል አይደለም። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ጉዳቱ ከብዶት አቋርጧል። ትንንሾቹ ይነጫነጫሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ።

«ሥልጠና» ሲባል ምክር የሚመስላችሁ አላችሁ። አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ግሽ አባይ አካባቢ አንድ ቤት ቁጭ ብዬ አየሁ። እናት እንጀራ እየጋገረች ከማድ ቤት ትጣራለች፦ «ልብስህን ልበስ፣ ጥርስህን ታጠብ፣ ደብተርህን አስገባ፣ ይረፍድብሃል!» ልጁ 6 ዓመቱ ነው። አንድ ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እያሽከረከረ በመስኮት የሚያልፈውን ባጃጅ ይቆጥራል። ንቀት አይደለም። አራት ነገር በአንዴ መጣበትና የመጀመሪያው ላይ ቀረ። እናቱን ምጣዱን ትተሽ ነይ አልኳት። መጣች፣ ተንበረከከች፣ ትከሻውን ያዝ አደረገችው። ዓይኑን እያየች «ሌላውን ካልሲ አድርግ» አለችው። አደረገ። «ጎበዝ፣ ወዲያው አደረግከው» አለችው። ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ደብተር። ይህ በየቀኑ ለሁለት ሦስት ወር ሲደጋገም ነው ሥልጠና የሚባለው። የሚሠለጥነው ወላጁ ነው። አንድ ትእዛዝ፣ ከቅርብ፣ በለሆሳስ። ሲያደርግ ወዲያው ማመስገን። ቅጣት ካስፈለገ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። ዱላ የለም።

አንድ አባት፦ ልጄ በጣም ይቀብጣል። ምን ልስጠው?

ሲስተር፦ ዕድሜ።

የአባይ ማዶ አባት፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ስጠራው አይሰማም፣ ክፍል ውስጥ ይፈዛል፣ ሌሊት ያንኮራፋል። መድኃኒት ያስፈልገዋል?

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ሁላችሁም አንብቡት። ኤዲኤችዲ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይታዩ። ጆሮው ይመርመር። ጉንፋን የሚደጋገምበት ልጅ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀምና ግማሹን ላይሰማ ይችላል። «አይታዘዝም» ተብሎ መጥቶ ጆሮው ሲታከም የተለወጠ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኑም ይታይ፤ ሰሌዳው የማይነበብለት ልጅ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚያወራው። ማንኮራፋቱን ደግሞ ቀላል አታድርገው ወንድሜ። ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ አብጦ መተንፈሻውን ካጠበበው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፉ ይቆራረጣል። እንቅልፍ ያላገኘ አዋቂ ቀን ያንጎላጃል፤ እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ ይቀብጣል። የደም ማነስ ካለም ይታይ። አንድ ልዩ ጥያቄ፦ ሲፈዝ ብትነካው ይነቃል? ንግግሩን መሀል ላይ አቋርጦ ለጥቂት ሰኮንድ ፍጥጥ ብሎ ቀርቶ፣ ብትነካውም ሳይነቃ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በስልክህ ቅረጸውና ለሐኪም አሳይ። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሳያየው ስለ መድኃኒት አታስብ።

ሌላ እናት፦ ስኳር ነው አይደል የሚያመጣው?

ሲስተር፦ አይደለም። ጥናቶቹ በ1995 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ ስኳር የልጆችን ባሕርይ አልለወጠም። ለጥርሱ ስትይ ቀንሺለት።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ይህ መድኃኒት እኮ ከጫት የሚለየው በክኒን መልክ መምጣቱ ነው። ለሕፃን ጫት እየሰጣችሁ ነው።

ሲስተር፦ ግማሹ እውነት ስለሆነ በደንብ ልመልስ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ሜቲልፌኒዴትም አነቃቂ ነው። ሁለቱም አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋሉ። ትልቁ ልዩነት መጠኑና አወሳሰዱ ነው። የጫት ቅጠል ምን ያህል እንደያዘ ማንም አይለካውም። ክኒኑ ተለክቶ፣ ለልጁ ክብደትና ሁኔታ ታይቶ፣ ከትንሽ ተጀምሮ በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ትኩረትንና ራስን መግታትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራውን እንዲሠራ ያግዘዋል። በትክክል ታዞለት የወሰደ ልጅ ኋላ ሱሰኛ ይሆናል የሚለው ስጋት በጥናት አልተደገፈም። ግን መድኃኒቱ ቁጥጥር የሚደረግበት የሆነው በከንቱ አይደለም። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠናው ታላቅ ወንድሙ እንዳይነካው።

የዘጌ እናት፦ የእኔን ልጅ ጸበል ወስጄው ተሽሎታል። መድኃኒት ምን ያደርጋል?

አንድ አባት፦ እባክሽ ሰው አታሳስቺ! ጸበል እያሉ ስንቱ ልጅ ሳይታከም ቀረ።

የዘጌ እናት፦ እምነቴን አትንካ ወንድሜ። አንተ በክኒን ታምናለህ፣ እኔ በፈጣሪ።

ሌላ እናት፦ እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ምን ችግር አለው?

ሲስተር፦ ምንም ችግር የለውም። ጸበሉንም ውሰዱት፣ ሕክምናውንም ቀጥሉ። ችግር የሚመጣው «መድኃኒቱን ካላቆምሽ አይሠራም» የተባለ ጊዜ ነው። ሳታማክሩ አታቁሙ ብያለሁ። ልጁ በሌሊት ጸበል ሲወሰድም እንቅልፉ ይታሰብበት፤ ልጁ ሁለት ቀን ሳይተኛ ቆይቶ ባሕርዩ ባሰ ብትሉኝ አልደነቅም። በዚህ እንለፍ።

የቀበሌ 14 እናት፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ጆሮ፣ ዓይን፣ ሁሉም ታይቷል፣ ደህና ነው። ሥልጠናውን 4 ወር ሠራንበት፣ መምህርቷም ከፊት አስቀምጣ ረዳችን። ትንሽ ተሻሽሏል። ግን ባለፈው ሳምንት እጄን አስለቅቆ ወደ አስፋልት ሮጠ፤ ባጃጁ ለጥቂት ሳተው። ጓደኛ የለውም። «እኔ እኮ መጥፎ ልጅ ነኝ» ይለኛል። ስፔሻሊስቱ መድኃኒት ይጀመር አለ፤ አባቱ ግን እምቢ አለ።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ከዚህ ጥያቄ ጋር ትንሽ ልቆይ። ቅድም ለሽምብጥ እናት ጠብቂ ያልኩት ልጇ ገና 4 ዓመቱ ስለሆነ፣ ምንም ስላልተሞከረለትም ነው። ያንቺ ልጅ ሌላ ነው። ዕድሜው ደርሷል፣ ምርመራው ተሟልቷል፣ የሚቀድመው ተሞክሯል። አሁን መድኃኒት መከልከልም ጉዳት አለው። ባጃጁ አይቶ አይምርም። «መጥፎ ልጅ ነኝ» የሚለውን ቃል ደግሞ በየቀኑ ለራሱ እየነገረው ያድጋል። መድኃኒት መስጠት የእናትነት መሸነፍ አይደለም።

ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው። አነቃቂ መድኃኒት ከአሥር ልጆች ለሰባቱ ገደማ ይሠራል። አጭር ጊዜ የሚቆየው ዓይነት በአንድ ሰዓት ውስጥ ጀምሮ 4 ሰዓት ገደማ ይሠራና ከሰውነት ይወጣል። ስለዚህ የዕድሜ ልክ ውል አይደለም፤ ተሞክሮ፣ ተመዝኖ፣ ካልሆነ በሐኪም ይቆማል። ልጁ ደንዝዞ ከተቀመጠ መጠኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪሙ ተናገሩ። የሚጠበቀው ጉዳት የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እንቅልፍ መዘግየት፣ ሆድና ራስ ምታት ነው። ቁመቱ ላይም በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊቀንስ ስለሚችል ክብደቱና ቁመቱ በየጊዜው ይለካል። ከመጀመሩ በፊት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይታይ። በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አባትየውም ለሐኪሙ ቀጠሮ አብሮ ይሂድ። ፍርሃቱን ሐኪሙ ፊት ይናገር።

አንድ መምህር፦ እኔ 70 ልጅ አስተምራለሁ። ወላጅ ቤት ስልክ ሰጥቶ ያበላሸውን ልጅ ለእኛ ይልካል።

የአባይ ማዶ አባት፦ እናንተስ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ብቻ ነው የምትወዱት።

መምህሩ፦ 70 ልጅ ይዘህ ሞክረው እስቲ።

የአባይ ማዶ አባት፦ እኔም ከሥራ የምገባው ማታ 2 ሰዓት ነው። ማን ይሞክርልኝ?

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ደክሟችኋል፤ ይገባኛል። ስልክ ኤዲኤችዲን አያመጣም። ችግሩ በብዛት በዘር የሚወረስ ነው፤ ብዙ አባቶች ልጃቸው ሲመረመር ራሳቸውን ያዩበታል። ጋሼ መምህር፣ ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ልጁ ከፊት ይቀመጥ፣ ከመስኮት ይራቅ፣ በየመሀሉ ጠመኔ አምጣ ብለው ያስነሱት። ወደሚቀጥለው።

አንዲት እናት፦ የ9 ዓመት ልጄ መድኃኒት ከጀመረች 1 ወር ሆናት። ማንበብ ጀመረች፣ ግን ምሳዋን አትነካም። ከሳች።

ሲስተር፦ ክኒኑ ከቁርስ በፊት አይሰጥ። ጠዋት ፍላጎቷ ሳይዘጋ ጠንከር ያለ ነገር አብያት፦ ገንፎ በቅቤ፣ እንቁላል፣ በሶ በወተት። ምሳ ላይ አታስጨንቂያት። መድኃኒቱ ሲለቃት፣ ማታ ላይ፣ ዋናው ምግቧ ይሁን፤ ዓሣም ሽሮም ያኔ ይግባላት። በየወሩ መዝኛት። በጾም ወቅት ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ንገሪ፤ ክብደቷ እየቀነሰ አትጹም። ክብደቷ መውረዱ ካላቆመ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሪ።

ሌላ አባት፦ እህቴ ከአሜሪካ በሻንጣ ልትልክልኝ ትችላለች። ስንት ሚሊግራም ልበላት?

ሲስተር፦ የመጠን ጥያቄ አልመልስም። በሰው ሻንጣም አታስመጣ። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ እህትህን ታስቸግራለህ። ሲያልቅብህስ?

የቀበሌ 14 እናት፦ እስከ መቼ ይወስደዋል?

ሲስተር፦ በየዓመቱ «አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?» ተብሎ እንደገና ይታያል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት 579 ልጆችን ለ14 ወራት አይቶ ነበር። ለትኩረትና ለመቅበጥበጥ በጥንቃቄ የተሰጠ መድኃኒት ከሥልጠና ብቻ በልጧል። ከ3 ዓመት በኋላ ግን በቡድኖቹ መካከል ያ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ መድኃኒት ተጀመረ ብለሽ ሥልጠናውን አትተይው።

አንድ አባት፦ ለ5 ዓመት ልጅ የትኛው መድኃኒት ጥሩ ነው?

ሲስተር፦ ወደ ላይ ተመልሰህ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ለሦስተኛ ጊዜ አልጽፈውም።

የሽምብጥ እናት፦ ሲስተር፣ ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ፣ አልገዛም። ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

ሲስተር፦ አንድ ደብተር። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፊበት፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ መቼ ባሰበት፣ መቼ ደህና ሆነ። ደህና የሆነበትን አትርሺ። መምህርቷም በራሷ እጅ ግማሽ ገጽ ትጻፍልሽ። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ጆሮውን እንዲያየው ጠይቂ። ነገ ጠዋት ደግሞ ከማድ ቤት ሳትጣሪ አጠገቡ ሂደሽ አንድ ነገር ብቻ እዘዢው። ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።