የአንጎል የደም ፍሰት በአልትራሳውንድ ሲለካ፦ ቁጥሩን እስከ የት እንመነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። በዚህ እትም የመረጥናቸው አራቱም ጥያቄዎች ከጎንደር የደረሱን ናቸው። መልሶቹን ያዘጋጁት በፅኑ ሕሙማን ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ የመኪና አደጋ ደርሶበት ፅኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ ማሽን ላይ ነው። ማክሰኞ ዕለት ጆሮው አጠገብ አልትራሳውንድ አድርገው የአንጎሉ የደም ፍሰት 70 ነው አሉን። ረቡዕ ሌላ ሐኪም ለክቶ 52 አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ደንግጧል። እየባሰበት ነው? ወይስ ማሽኑ ነው የማይታመነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሁለቱም ላይሆን ይችላል። የተነገራችሁ ቁጥር ወደ አንጎል የደረሰው የደም መጠን ሳይሆን ደሙ የሚሮጥበት ፍጥነት ነው፤ የሚለካውም በሴንቲ ሜትር በሰከንድ ነው። የውሃ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃው ይፈጥናል እንጂ አይበዛም። የአንጎል ደም ወሳጅ ቧንቧም ሲጠብ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የሚያልፈው ደም ግን ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ደስ አይበላችሁ፤ ዝቅ ስላለ ብቻም አትደንግጡ። በጤነኛ አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚለካው መካከለኛው የአንጎል ደም ወሳጅ አማካይ ፍጥነቱ 55 ገደማ ነው፤ 12 ያህል ከፍም ዝቅም ይላል። 52 እዚያው ውስጥ ነው።

ታዲያ በአንድ ቀን 18 የወረደው በምን ምክንያት ነው? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የመተንፈሻ ማሽኑ ነው። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በወረደ ቁጥር የደሙ ፍጥነት በ3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ማክሰኞ 40 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽኑ ፈጠን ተደርጎ ረቡዕ 32 ቢደርስ፣ 70 የነበረው ፍጥነት የአንጎሉ ጉዳት ሳይለወጥ 53 ገደማ ይሆናል። የእናንተ ልዩነት እንዳለ ይኸው ሊሆን ይችላል። የማስተኛ መድኃኒት መጨመር፣ የትኩሳት መብረድ፣ ደም መስጠት፣ የደም ግፊት መውረድም እንዲሁ ቁጥሩን ያወርዱታል። በዚህ ላይ የለካው እጅ ሌላ ነው።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በሁለቱም ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱና የደም ግፊቱ ስንት ነበር? በግራም በቀኝም ተለክቷል? የዓይኑ ብሌንና የንቃት ደረጃው ተለውጧል? የሦስተኛው መልስ ከ70 እና ከ52 ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ለጭንቅላት ብቻ የተሠራ ዶፕለር (የደም ፍጥነት የሚለካ አልትራሳውንድ) የለንም፤ ያለን የልብ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚደገፈው መመርመሪያ) ያለው ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ነው። አንድን በሽተኛ ሦስታችን ብንለካ ሦስት ዓይነት ቁጥር ይወጣል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ የልብ ፕሮቡ ይበቃል። ሩነ አስሊድና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. ይህን ምርመራ ሲያስተዋውቁ የተጠቀሙት 2 ሜጋኸርዝ ድምፅ ነው፤ የእናንተ ፕሮብም እዚያ ድረስ ይወርዳል። የሚያጣላችሁ ፕሮቡ ሳይሆን አያያዙና የማሽኑ ሴቲንግ ይመስለናል።

በሽተኛው ራሱን በ30 ዲግሪ ከፍ አድርጎ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ ይተኛ። ፕሮቡ የሚቀመጠው በዓይን ጥግና በጆሮ መካከል፣ ከጉንጭ አጥንት ቅስት ከፍ ብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ መስኮቱ (ድምፁ የሚያልፍበት ስስ አጥንት) የሚገኘው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ነው። ሹሩባ የተሠራች ወይም ቅቤ የተቀባች እናት ከሆነች ጉንጉኑን ወደ ላይ ገልጣችሁ፣ ቦታውን በጨርቅ ጠርጋችሁ ጄሉን እስከ ቆዳው ድረስ አድርሱት። ድምፁን የሚያግደው በፀጉሩ መካከል የታሰረው አየር ነው፤ ስለዚህ ጄል አትቆጥቡ። የፕሮቡ ምልክት ወደ ዓይን ይዙር።

ጥልቀቱን መጀመሪያ 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። የወዲያኛው የራስ ቅል አጥንት እንደ ነጭ ቅስት ከታየ መስኮቱ ክፍት ነው። ካልታየ ቦታውን በጥቂት ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ፈልጉ። ከ10 ሰው በ1 ያህሉ፣ በተለይም በዕድሜ በገፉ ሴቶች፣ አጥንቱ ድምፁን ጨርሶ አያሳልፍም። ያን ጊዜ «መስኮት አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ፤ «ፍሰት የለም» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው።

መስኮቱ ሲገኝ ጥልቀቱን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር መልሱና መሐል ላይ ያለውን የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ጠቆር ያለ ግንደ አንጎል ፈልጉ። ከለሩን (ፍሰቱን በቀለም የሚያሳየውን) ስትከፍቱ ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ ፕሮቡ የሚመጣው መካከለኛው ደም ወሳጅ ነው። ከ60 እስከ 65 ላይ ወደ ፕሮቡም ከፕሮቡም የሚሄድ ፍሰት አንድ ላይ ከሰማችሁ ዋናው ደም ወሳጅ ለሁለት የሚከፈልበት መገንጠያ ላይ ናችሁ። የኋለኛው ደም ወሳጅም ወደ ፕሮቡ ስለሚመጣ ብዙዎች ይሳሳቱበታል። እሱ ጠለቅ ይላል፣ ግንደ አንጎሉን ዞሮ ያልፋል፣ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ነው። አንዳችሁ ይህንን ለክታችሁ ከሆነ የሦስቱ ቁጥር መለያየት አይገርምም።

ቀጥሎ የማዕዘን ነገር። ድምፁ ከደሙ አቅጣጫ ጋር በ15 ዲግሪ ቢገናኝ የሚጎድለው 3 በመቶ ብቻ ነው። በ30 ዲግሪ 13 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ ግማሹ ይጎድላል። የከለር ማሽን ማዕዘኑን አርሞ ማስላት ይችላል፤ ችግሩ አንዱ አርሞ ሌላው ሳያርም ሲለካ ነው። በ40 ዲግሪ ሳይታረም 80 የተባለው ፍጥነት ሲታረም 104 ነው። በሽተኛው ያው፣ ደሙም ያው! በመጽሐፍ ላይ የምታገኟቸው የድሮ ወሰኖች በአብዛኛው ያልታረሙ ናቸው። ስለዚህ ክፍላችሁ አንዱን ይምረጥ፤ በመዝገቡም ላይ «ታርሟል» ወይም «አልታረመም» ተብሎ ይጻፍ።

የልብ ሴቲንግ ላይ ትታችሁት ከሆነ ደግሞ ዎል ፊልተሩን (ዝግ ያሉ ምልክቶችን የሚሰርዘውን ማጣሪያ) ተመልከቱ። ለልብ ሲባል ከፍ ተደርጎ ይዘጋጃል። በ2 ሜጋኸርዝ ፊልተሩ 200 ኸርዝ ላይ ከሆነ ከ8 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ በታች ያለውን ፍሰት ሁሉ ይሰርዛል። ልብ ስታርፍ ያለው ዝግ ያለ ፍሰት ስክሪኑ ላይ ዜሮ መስሎ ይታይና ክፍሉ በሙሉ በከንቱ ይሸበራል። ወደ 50 ኸርዝ አውርዱት። ስክሪኑ ላይ የሚሳለው የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ከሥር ብቅ ካለ ስኬሉን (የሚታየውን የፍጥነት ወሰን) ጨምሩ። ማሽኑ በራሱ የሚስለው መስመር ጫጫታውን ተከትሎ ከሞገዱ በላይ ከሄደ አትቀበሉት፤ ጌይኑን (የምልክቱን ማጉያ) ቀንሱና በእጅ ሳሉ።

መዝገቡ ላይ ከፍጥነቱ ጎን ሰዓቱ፣ ጎኑ፣ ጥልቀቱ፣ አማካይ የደም ግፊቱ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ሙቀቱ፣ ሄማቶክሪቱ (በደም ውስጥ የቀይ የደም ሴሎች ድርሻ)፣ የማስተኛ መድኃኒቱ መጠንና የለካው ሰው ስም ይኑር። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የደጋ ነዋሪ ጤነኛ ሳለም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የቆላ መጽሐፍ ከሚለው 40 ዝቅ ይላል። ይህን ሳያስቡ «ማሽኑ አብዝቶ እያስተነፈሰው ነው» ብሎ መደምደም አይገባም።

ጥያቄ፦ ሬዚደንት ነኝ። ጭንቅላቱ የተጎዳ በሽተኛ ከፍተኛው ፍጥነት 110፣ ዝቅተኛው 20 ሆኖ ፐልሳቲሊቲ ኢንዴክሱ (የሁለቱ ልዩነት ለአማካዩ ሲካፈል) 1.8 መጣ። የራስ ቅል ውስጥ ግፊቱ ይህን ያህል ነው ብዬ ማስላት እችላለሁ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ስሌትዎ ልክ ነው። አማካዩ 110 ሲደመር ሁለት ጊዜ 20፣ ለ3 ሲካፈል 50 ነው፤ የ110 እና የ20 ልዩነት 90 ለ50 ሲካፈል 1.8። በጤነኛ ሰው ከ0.6 እስከ 1.1 ነው። ግፊቱን በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ለመተንበይ ግን አይጠቀሙበት፤ የሚሰጠው ቁጥር ከእውነተኛው በብዙ ይርቃል።

ይህ ኢንዴክስ ልብ በምታርፍበት ጊዜ ፍሰቱ ምን ያህል እንደወደቀ ነው የሚናገረው፤ ፍሰቱን የሚጥለው ደግሞ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ብቻ አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መውረድ ይጥለዋል። የልብ ምት መዘግየት፣ የታችኛው የደም ግፊት መውረድ፣ በዕድሜ የደነደነ ደም ወሳጅም እንዲሁ። በእኛ አገር አንድ የሚረሳ አለ፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም። የአኦርታ ቫልቩ የሚያፈስ ወጣት፣ አንጎሉ ደህና ሆኖም ኢንዴክሱ ከፍ ይላል። ፕሮቡ እጅዎ ላይ ነውና ልቡንም ይዩት። ሌላው ፍንጭ ሁለቱ ጎኖች ናቸው፤ በአንዱ ጎን ብቻ ከፍ ካለ በዚያ በኩል የሚጫን ደም ወይም እብጠት መኖሩን ያስቡ።

እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ዝቅተኛው ፍጥነት ከ20 በታች፣ ኢንዴክሱም ከ1.4 በላይ ከሆነ እንደ አደጋ ምልክት ይቁጠሩት። የእርስዎ በሽተኛ ጫፉ ላይ ነው። ራሱን ከፍ ያድርጉ፣ አንገቱን የሚያንቅ ማሰሪያ ካለ ያላሉ፣ የደም ግፊቱንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስተካክሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያው ጥልቀት ደግመው ይለኩ። ሲቲ ስካኑንና የኒውሮ ሰርጀሪ ቡድኑን ለመጥራት ግን ሁለተኛውን ልኬት አይጠብቁ።

ፍጥነቱ ከመጠን በላይ ሲጨምርም በአንድ ቁጥር አይፍረዱ። ለምሳሌ አንጎል ሽፋን ሥር ደም የፈሰሰበት በሽተኛ በ7ኛው ቀን አማካዩ 140 ቢመጣ፣ ከመንጋጋ ሥር የውስጠኛውን ካሮቲድ (በአንገት ወደ አንጎል የሚወጣውን ደም ወሳጅ) ይለኩ። እዚያ 70 ከሆነ ጥምርታው 2 ነው፤ ይህ በትኩሳት ወይም በደም ማነስ ጠቅላላ ፍሰቱ መብዛቱን ያሳያል። እዚያ 30 ከሆነ ግን ጥምርታው 4.7 ነው፣ ደም ወሳጁ ጠቧል። ከ6 ሲያልፍ መጥበቡ የበረታ ነው። አማካዩ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ50 በላይ ከጨመረ መጥበብ ከሚጠረጠርበት ከ120 በታች ቢሆንም ችላ አይበሉት።

ጥያቄ፦ በዚህ ምርመራ «ወደ አንጎል ደም አይሄድም» ከተባለ ሰውዬው ሞቷል ማለት ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በዚህ ምርመራ ብቻ አይባልም። የአንጎል ሞት የሚወሰነው በመጀመሪያ በሐኪም ምርመራ ነው፤ አልትራሳውንዱ አጋዥ ነው። ሞገዱ ወደፊት ሄዶ የሚመለስ ወይም አጭር ሹል ብቻ ሆኖ፣ በግራም በቀኝም በማጅራት በኩልም፣ በ30 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ የደም ግፊቱም በቂ መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ምንም ድምፅ ካልተገኘ አጥንቱ አግዶት ሊሆን ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም። የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሰው ወይም እርግብግቢቱ ያልገጠመ ሕፃን ላይ ደግሞ አንጎሉ ሥራ ካቆመ በኋላም ፍሰት ሊታይ ይችላል። እንዲህ ባለው ጊዜ ቤተሰብ ሐኪሙን «ሁለተኛው ልኬት ተደርጓል ወይ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።