ቤት ሸጦ ልጅን አብራሪ ማድረግ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በደሴ ከተማ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። የመጨረሻ ልጄ ባለፈው ዓመት በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ሳለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን የአብራሪነት ሙያ እንደገና አንሥቶ፣ ናይሮቢ በሚገኝ አንድ የግል የበረራ ትምህርት ቤት እንድናስተምረው ጠይቆናል። ያለን ጥሪት ከወላጆቼ የወረስኩት፣ ኪራዩ ጡረታዬን የሚደጉምልኝ አንድ ቤት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ሙሉ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ለሚፈጽም ተማሪ ቅናሽ እንደሚያደርግና ፈቃዱን ይዞ የወጣ ሰው ሥራ እንደማያጣ ነግሮታል። እናቱን ግን የሚያሳስባት ገንዘቡ ሳይሆን ኑሮው ነው፤ «በዓል የለ፣ ሌሊት የለ፣ ትዳር እንዴት ይይዛል?» እያለች ትጨነቃለች። መነጽር ስለሚያደርግ ጨርሶ አያልፍም የሚሉንም አሉ። ቤቱን ልሽጥ ወይስ ልተው? የአብራሪ ኑሮስ ከውስጥ ሲያዩት ምን ይመስላል?

አባት፣ ከደሴ

የተከበሩ መምህር፣

ቤቱን አሁን አይሽጡ። ይህን የምለው የልጅዎ ፍላጎት ከንቱ ነው ብዬ ሳይሆን፣ ከሽያጩ በፊት በጥቂት ብር ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች ስላሉ ነው። የመጀመሪያው ጤናው ነው። የአየር መንገድ አብራሪ መሆን የሚፈልግ ሰው በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በተፈቀደለት ሐኪም ዘንድ የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡና አእምሮው ይመረመራሉ። መነጽርን በሚመለከት የሰሙት ትክክል አይደለም፤ በዓለም አቀፉ መለኪያ በመነጽር ታግዞም ቢሆን እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከዘጠኝ ሜትር የሚያየውን ከስድስት ሜትር)፣ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ደግሞ 6/6 ካዩ በቂ ነው። ችግር የሚሆነው ቀለም መለየት አለመቻል ነው፤ ብዙ ወጣቶች ይህ ጉድለት እንዳለባቸው የሚያውቁት ምርመራው ላይ ሲደርሱ ነው። ስለዚህ ልጅዎ በቅድሚያ ይመርመር።

ሁለተኛው «ፈቃድ የያዘ ሥራ አያጣም» የተባለው ነው። ይህን የሚለው ትምህርቱን የሚሸጠው ወገን መሆኑን አይርሱ። የንግድ አብራሪ ፈቃድ በአጠቃላይ 200 የበረራ ሰዓት፣ በተፈቀደ የተቀናጀ ሥልጠና ደግሞ 150 ሰዓት ይጠይቃል። ዋና አብራሪ ለመሆን የሚያስፈልገው የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ ግን የሚገኘው ከ1500 ሰዓት በኋላ ነው። በ200 ሰዓት የተመረቀ ወጣት ሕጉ በረዳት አብራሪነት እንዳይቀጠር ባይከለክለውም፣ ለሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት የተለየ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ የኬንያ ፈቃዱም ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲሠራ በእኛ ባለሥልጣን ዘንድ ተመርምሮ መጽደቅ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ገበያው እንደ ሰማይ ይለዋወጣል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ በረራ ሲያስቆም፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ሰዓት የበረሩ አብራሪዎች ጭምር ከሥራ ወጥተዋል። እኔ ብሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ወጪ የሚያሠለጥናቸውን እጩዎች ለመቀበል ማስታወቂያ ሲያወጣ እንዲወዳደር አደርገው ነበር። እንዲህ ያለው ሥልጠና የአገልግሎት ውል ስለሚያስከትል የግዴታውን ዘመንና ቢለቅ የሚከፍለውን ከመፈረሙ በፊት አብራችሁ አንብቡት።

ኑሮውን በተመለከተ የባለቤትዎ ጭንቀት መሠረት አለው። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራ ረዳት አብራሪ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ተነሥቶ አራት ጊዜ ሊያርፍ ይችላል። ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ የአየሩን ሁኔታ ያነባል፤ ነዳጁን ከዋና አብራሪው ጋር ያሰላል፤ ዝናብም ቢሆን በአውሮፕላኑ ዙሪያ በባትሪ ብርሃን ጎማውንና የሞተሩን ምላጭ እያየ ይዞራል። በአንዱ በረራ እሱ ያበራል፣ ዋናው ሬዲዮውን ይይዛል፤ በሚቀጥለው ይለዋወጣሉ። በሚነሡበትና ለማረፍ በሚቃረቡበት ጊዜ ከሥራው ውጭ አንዲት ቃል መናገር ክልክል ነው። (ምግባቸው እንኳ የተለያየ እንዲሆን ይደረጋል፤ አንድ ዓይነት ምግብ ሁለቱንም እንዳያሳምም ነው።)

ረጅሙ መስመር ሲመጣ ደግሞ ሌሊቱ ይገባል። ከቦሌ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች የሚነሡት ሕዝቡ ሲተኛ ነው፤ የሰው አካል በጣም የሚደክመው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በመሆኑ አብራሪው ንቁ ሆኖ ለመቆየት ከራሱ ጋር ይታገላል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ አየሩ የሳሳ ማረፊያ በመሆኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚያስቸግር፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን በመንገድ ላይ ነዳጅ ሲጨምር፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ይመጣል፤ አብራሪዎቹም በተራ በአልጋ ላይ ያርፋሉ። በተራ ማረፍ ግን እንደ ቤት እንቅልፍ አይሆንም።

ሰዎች እምብዛም የማያወሩት ትልቁ ነገር ፈተናው አለማለቁ ነው። አብራሪ በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) ውስጥ ገብቶ፣ አውሮፕላኑ ሊነሣ በደረሰበት ቅጽበት ሞተር ሲጠፋበት፣ እሳት ሲነሣበት እንዴት እንደሚቋቋም ይፈተናል፤ ካላለፈ እስኪያስተካክል አይበርም። የሕክምና ምስክር ወረቀቱም በየዓመቱ፣ ከ60 ዓመት በኋላ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ የሚሠራው እስከ 65 ዓመት ብቻ ነው። መምህር ስለሆኑ ልጅዎ በፈተና ወቅት እንዴት እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉና፣ ይህንን አንድ ነጥብ በደንብ ይመዝኑት።

ትዳርን በተመለከተ በርካታ አብራሪዎች ቤተሰብ መሥርተው ይኖራሉ፤ ነገር ግን ፋሲካን ከቤት ውጭ ማሳለፍ በተራ የሚደርስ ነው፤ ሚስትም ይህን አውቃ ልትገባበት ይገባል። ልጅዎ ሥራውን በቅርቡ የጀመረ ረዳት አብራሪ ፈልጎ ያነጋግር፤ ልማድ የያዛቸው ካፒቴኖች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አሳምረው ነው የሚያስታውሱት።

ይህን ሁሉ ካጣራችሁ በኋላ ናይሮቢን ከመረጣችሁ፣ ትምህርት ቤቱ የሚበሩ አውሮፕላኖች ስንት እንዳሉት፣ አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ወይም ልጅዎ ቢታመም ያልተጠቀመበት ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይጠይቁ። ክፍያው በየሥልጠናው ምዕራፍ እንዲሆን ይጠይቁና እምቢ ካሉ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ።