«ትልልቆቹን ማየት ፈራሁ»

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ የአእምሮና የአካል እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ያለባት የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አለችኝ። የወንበር ጠርዝ ይዛ ትነሣለች፣ ሁለት እርምጃ ትሄድና ቁጭ ብላ ለራሷ ታጨበጭባለች። ሰሞኑን እንደ እኛ ያሉ ቤተሰቦች መጋቢት 12 ቀን በሚያከብሩት የዓለም የዳውን ሲንድረም ቀን በዓል ላይ እንድንገኝ ተጠራን። ባለቤቴ «ልጄን ለትርኢት አላቀርብም» ብሎ ወሬውን ዘጋው። እኔም በእሱ አሳብቤያለሁ፤ የምፈራው ግን ሌላ ነው። እዚያ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ይመጣሉ። እነሱን ሳይ የልጄን ነገ ያየሁ እየመሰለኝ ሆዴ ይባባል። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ «እንሂድ» እያለ ይነዘንዘኛል። ምን ይሻለኛል?

ጭንቅ የያዛት እናት

ውድ እህቴ፣

ሂጂ። ለፊኛውና ለንግግሩ ብዬ አይደለም፤ የእንዲህ ያለ በዓል ንግግር መርዘሙ አይቀርም። ቁም ነገሩ ያለው ወላጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው በሚያወሩት ወሬ ውስጥ ነው። የማን ልጅ መቼ እንደተራመደ፣ መስማት እንደሚቸግረው በምን እንደታወቀ፣ የትኛው መምህር ትዕግሥት እንዳለው የምትሰሚው እዚያ ነው።

ስለ ትልልቆቹ ልንገርሽ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) በአሜሪካ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች በአማካይ የሚኖሩት ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ገደማ ደርሷል። ግማሽ ያህሎቹ ሲወለዱ የልብ ችግር አለባቸው፤ ያንን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል መቻሉ ብዙ ነገር ለወጠ። ስለዚህ እዚያ የምታገኚው የሠላሳ ዓመት ሰው በራሱ የምሥራች ነው። የልጅሽ ነገ ግን አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው የችሎታ ልዩነት ሰፊ ነው። ቀርበሽ አነጋግሪው። ጥያቄሽን ለእናቱ ሳይሆን ለራሱ አቅርቢ፣ መልሱ ቢዘገይም አትቅደሚው።

ባለቤትሽ «ትርኢት» ማለቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሳይጠየቅ የልጅ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ሞልቷል። ቢሆንም አባቶች ከአባቶች ጋር ቢቀመጡ ደስ ይለኛል፤ «ይህ ነገር በማን በኩል መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ዋጥ አድርገው የሚኖሩ ብዙ ናቸውና። ከመቶው 95 በሚሆነው ነገሩ የሚፈጠረው ሕዋስ ሲከፋፈል በአጋጣሚ ነው፤ 21ኛው ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚይዝ የሕዋስ ክፍል) ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ይሆናል። ከማንም ዘር አልወረደም። ቀኑም በዚሁ የተመረጠ ነው፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በሦስተኛው ወር 21ኛው ቀን፣ ማርች 21፣ የእኛ መጋቢት 12። የተባበሩት መንግሥታት በዚያው አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ ያከብረዋል።

ከሁሉም ይልቅ የምወደው የወንድ ልጅሽን ንዝንዝ ነው። ይሂድ፤ የእህቱ ጠባቂ ግን አታድርጊው። እዚያ «ደብተሬን ቀደደችብኝ» ብሎ ሲያማርር «አይዞህ፣ እሷ እኮ…» የማይሉት፣ የእነሱም ደብተር የተቀደደባቸው ልጆች ያገኛል። በዕለቱ የተለያየ ካልሲ ማድረግ ልማድ ነውና የሁላችሁንም ካልሲ እሱ ይምረጥ።

ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። መዝለያ ትራምፖሊን ካለ ትንሿ አትውጣበት፤ የአንገታቸው መገጣጠሚያ ሊላላ ስለሚችል ሐኪሞች ከስድስት ዓመት በታች ላሉት አይፈቅዱም። አሁን ግን መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ ደውዪና ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ እንደማይነሣ አረጋግጪ፤ መልሱን ባለቤትሽ ራሱ ይስማው።